በሰንደቃችን ሥር እንግዳ ሆኜ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ስጦታ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አደረገሽ? ሳልሽስ ተወሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ትንሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ አባባም ደህና ናቸው። ደባርቅ እንደምታውቂያት ናት፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሊማሊሞ ወጥቶ ይሸፍናታል። ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ከቡልጋሪያ፣ ከሶፍያ የላክሽው ደብዳቤ ከደረሰ ጀምሮ አባባ ያላነበቡለት ሰው የለም። በሰው አገር መዝሙር ሲዘመር እንግዳ ኮፍያውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ዝም ይላል፣ አብሮ አይዘምርም፣ የትም ሆኖ ቢሰማው የያዘውን አስቀምጦ ይነሣል ያልሽውን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽና መስማቱ አንገፍግፎኛል። እኔ እዚሁ ውኃ ስቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ስመለስ የሚያየኝ የለም፤ የአንቺ ስም ሲነሣ ግን የአባባ ፊት ይፈካል።

ባለፈው ሳምንት ሦስት የቡልጋሪያ ጤና ባለሙያዎች፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች፣ ክሊኒካችንን ለማየት ከጎንደር በዳባት በኩል መጡ፤ ትምህርት ቤታችንንም ይጎበኛሉ ተባለ። ዳይሬክተራችን ጋሽ ገሠሠ የደብዳቤሽን ወሬ ሰምተው ኖሮ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እንግዶቹ እንዳይቸገሩ፣ የስጦታ እህት አጠገባቸው ትቁምና እሷን እያዩ ያድርጉ አሉ። ስሜን እንኳ አልጠሩም። እንደዚያም ሆኖ ደስ አለኝ።

እኔን እያዩ የሚያደርጉ ከሆነ እንግዳ የሚያደርገውን ማድረግ አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ከሴትዮዋ ጎን ቆሜ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳወርድ እሷ ሻሿን ከራሷ አወረደች። እጄን ከጎኔ ሳደርግ አደረገች። በብርዱ አፍንጫዬን ስጠርግ እሷም ጠረገች። ተማሪው ሁሉ ሲዘምር አፌን ገጥሜ ቆምኩ፤ ሦስቱም ጸጥ አሉ። ሁሉም አንቺ እንዳልሽው ሆነ።

የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ደምለው ግን ከንፈሬን ሲያይ ቆይቷል። እንግዶቹ በረንዳው ላይ ሻይ ሲቀርብላቸው ጠራኝና በተማሪው ፊት፣ “በአገርሽ መዝሙር አፍሽን የዘጋሽው ማን አስተምሮሽ ነው?” አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወዴት እንደሚወስድ ታውቂያለሽ። አብራኝ የምትቀመጠው ረህማ፣ የነጋዴው የጠይብ ልጅ፣ ከሰልፉ ውስጥ፣ “ጓድ ሊቀመንበር፣ ደብሪቱ ዛሬ እንግዳ እንድትሆን ታዝዛ ነው” ብትል ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ አናደደው መሰለኝ፣ “እንግዲያው እንግድነቷ አልቋል፤ ብቻዋን ትዘምር” አለና ሲጋራውን ለኩሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ስሜ ሲጠራ “አቤት” ማለት እንኳ እንደሚያቅተኝ ታውቂያለሽ። ቢሆንም ጀመርኩ። የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ብድግ አለች፤ ሁለቱም ተከተሏት። ጋሽ ገሠሠም፣ ዘበኛውም፣ በመንገዱ በቅሎ ጭኖ የሚያልፈው የጃናሞራ ሰውም ቆሙ። ሴትዮዋ ዞር ብላ የተቀመጠውን ጓድ ደምለውን አየችው። ያኔ እሱም ተነሣ፤ ሲጋራውን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ፣ እስኪፈጀው ድረስ ሳይነቃነቅ ቆመ። እስከ መጨረሻው ዘመርኩ። ድምፄ እስከ መንገድ የሚደርስ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ቤት ገብቼ ለአባባ ስነግራቸው ዐይናቸው እንባ ሞላ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ “አየሽ፣ የስጦታ ምክር አወጣሽ” አሉ። ለእማዬም ለአክስቴም የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ለአንቺም ሊጽፉልሽ ወረቀት ገዝተዋል። ስለዚህ ቀድሜያቸው ጻፍኩ። እትዬ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚቆም የነገርሽን አንቺ ነሽ፤ አልክድም። የዘመርኩት ግን እኔ ነኝ። እኔ ብነግራቸው ቅናት ይሉታል፤ ቅናትም ነው። አንቺ ብትጽፊላቸው ግን ያምናሉ። እባክሽን ስትመልሺላቸው ይህን አንድ ነገር ጻፊልኝ።

እማዬ ሁለት ጉንጭሽን እየደጋገመች ትስማለች። አክስታችን ሸጊቱ ሳልሽን በማር ያዢው ብላለች። ታናሻችን ያርጋል ኳስ ላኪልኝ ይልሻል። ረህማም ሰላም ብላሻለች። የአባባን ሰላምታ ከራሳቸው ደብዳቤ ታገኚዋለሽ።

እህትሽ ደብሪቱ
ደባርቅ፣ ጥር 22 ቀን 1973 ዓ.ም.