ከማንጎው ሥር የቀበርከው

ውዴ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሙት ዓመትህ እንኳ አልጻፍኩልህም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለናፈቅከኝ ብቻ አይደለም፤ ልወቅስህም ነው።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ሶስናችን ነርስነቷን ጨርሳ ሐረር ተመድባለች። በወር አንዴ ትመጣለች። የወርክሾፕ ቱታህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ኮፍያህን ግን ከምስማሩ ላይ ማውረድ አቃተኝ።

ማንጎው ታመመብኝ። ሶስና የተወለደች ሰሞን የተከልከው ማንጎ ባለፈው በጋ ቅጠሉን ያረግፍ ጀመር። ግንዱ ከታች ተሰነጣጥቆ እንደ ሙጫ ያለ ጥቁር ነገር አፈለቀ። ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ በላይ ያዘነበለው ትልቁ ቅርንጫፍም ደረቀ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ አስቴር፣ ይሄ ዛፍ ሰው ሳይጎዳ ከነሥሩ ይነቀል። ሰዎች እልክልሻለሁ» አለኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ታውቀዋለህ። እኔ ቅርንጫፉን ሳሳየው እሱ የሚያየው መሬቱን ነበር።

«ከነሥሩ» ማለቱ ከጆሮዬ አልወጣም። ምክንያቱን አንተ ታውቃለህ። ያ የቤት ለቤት ፍተሻ ከተማውን ያመሰበት ጊዜ፣ ከገበያ ስመለስ ማንጎው አጠገብ እጅህን ስትታጠብ አገኘሁህ። «ፍግ ጨመርኩለት» አልከኝ። በግቢያችን ፍግ የሚባል ነገር አልነበረም። ፎጣ አቀበልኩህ። ሐኪም ቤት ተኝተህም «ማንጎውን እንዳታስነኪ» ስትለኝ፣ ዛፉን ስለምትወደው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ለሊቀመንበሩ «ሰው አላጣም፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ፋጡማ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍራፍሬ ዛፍ ሲንከባከቡ የኖሩ አቶ አደም የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ ነገረችኝ። የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ስለ እሳቸው ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ልጆቻቸው ምን ይሠራሉ? የትኛው ቢሮ ይገባሉ፣ ይወጣሉ? ሁሉም «ከዛፍ በቀር ከማንም ጉዳይ የላቸውም» አሉኝ። ይሄም አላስደሰተኝም። በእኛ ዘመን ማንም ክፉ የማያወራበት ሰው ያስፈራል።

አቶ አደም መጋዝና ገመድ ይዘው መጡ። ወደ ላይ ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ተንበርክከው አፈሩን አሸተቱ። የግንዱን ልጥ በጥፍራቸው ፋቁ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። «ማን ነው የተከለው? ይሄ አፈር መቼ ተከመረበት? እዚህ ጋ ማን ቆፈረ?»

አላውቅም አልኩ። የተጠረገውን ግቢ እንደገና እየጠረግሁ ከኋላቸው አልጠፋሁም። «ቅርንጫፉን ብቻ ይቁረጡልኝ፣ አፈሩን አይንኩብኝ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ በሽታው ከላይ አይደለም» አሉኝ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ግን እየቆራረጡ በገመድ አወረዱት። አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተጎዳም። እጃቸውን አደነቅሁ። ሰውየውን ግን አላመንኳቸውም። ሲወጡ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። ከሊቀመንበሩ ጋር ቆመው ነበር።

ያ በቃኝ። በማግስቱ እንዳይመጡ በፋጡማ ላክሁባቸው። «አቦ አስቴር! ሰውየውን በምን ጠረጠርሻቸው?» ብላ ተቆጣችኝ። ጥያት ሄድኩ፤ እሷንም ጠርጥሬያት ነበርና።

ሳምንት ሳይሞላ ሊቀመንበሩ ተመለሰ። «ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ አለ። በዚያው እናስነቅለዋለን» አለ። የአሁኑ ምክር አልነበረም፤ ትእዛዝ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ በቀጥታ መጋላ ሄድኩ። አቶ አደም ደጃቸው ላይ ችግኝ ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። በቅጡ ሰላም ሳልላቸው፣ «ሊቀመንበሩ በር ላይ ምን ሲልዎት ነበር?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ስትቆፍር የምታገኘውን ለኔ ብቻ አምጣ አለኝ። እኔ ዛፍ ነው የማክመው፣ ዕቃ አልፈልግም አልኩት። ወላሂ፣ ሌላ ቃል የለም።»

ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም፣ ታዴ። ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ጠይቄያቸው የነገሩኝን እሳቸውን መረጥሁ።

ዓርብ ጠዋት መጡ። «ዛፍ አንገት አለው፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት። አፈር የከመረበት ሰው አንገቱን ቀብሮታል። ታፍኖ ነው የበሰበሰው» አሉኝ። በትንሽ መኮትኮቻ፣ ሥሩን ላለመጉዳት በዝግታ አፈሩን ያነሱ ጀመር። መኮትኮቻው ቆርቆሮ ነካና ጮኸ። አቶ አደም ቀና አላሉም። መኮትኮቻውን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ። «ጁምዓ ነው፣ ሰግጄ እመጣለሁ። ሥሩን ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ አልብሺው» ብለው ዞር ሳይሉ ሄዱ።

የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሽፋናቸው የተገነጠለ ሁለት መጻሕፍትና አንድ ወረቀት አገኘሁ። ወረቀቱ ላይ በእጅ ጽሑፍህ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም አለ፤ ያኔ ተሰብስባችሁ የተከለከለ መጽሐፍ ታነቡ የነበራችሁት አንተና ጓደኞችህ። አራቱ ተወስደው አልተመለሱም። ሰባተኛው ስም የሊቀመንበሩ ነው።

ለካ ሲፈልግ የኖረው ያንተን ምስጢር አልነበረም፤ የራሱን ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የተናደድኩት ግን በእሱ አይደለም፣ ባንተ ነው። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን እንዴት ደበቅከኝ? እኔንም ጠርጥረኸኝ ነበር? ወይስ ቢይዙኝ የምናገረው እንዳይኖረኝ ብለህ ነው? አንድ ቀን ይሄኛውን አምናለሁ፣ በማግስቱ ያኛውን።

ለምሳ ያነደድኩት እሳት ውስጥ ሁሉንም ጨመርኩት። አቶ አደም ሲመለሱ ባዶውን ጉድጓድ አይተው ሥራቸውን ቀጠሉ። የበሰበሰውን ልጥ ጠርበው አነሱ። ጉድጓዱን ሞልተው የዛፉን አንገት ግን ገልጠው ተዉት። ውሃውን ከግንዱ ራቅ አድርጌ፣ ጥላው የሚያልቅበት ቦታ፣ በሳምንት አንዴ በደንብ እንዳጠጣ፣ የሳሙና እጣቢም እንዳላፈስበት አዘዙኝ።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ዶማ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ገባ። ቀደምኩት። ጠጋ ብዬ እሱ ብቻ እንዲሰማኝ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛፉ ታክሟል። ከሥሩ የነበረ ወረቀት ትናንት ምድጃ ገብቷል። ማንም አላነበበውም» አልኩት። የመጨረሻዋ ቃል ውሸት ናት። ወደ ጉድጓዱ አየ፣ ወደ እኔም አየ። ከዚያ ሰዎቹን «ወደሚቀጥለው ግቢ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ኮፍያውን አንስቶ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። ሰላምታውን አላምነውም። እሱም ቃሌን ይመን አይመን አላውቅም። በር በተንኳኳ ቁጥር አሁንም እደነግጣለሁ።

ማንጎው በምሥራቅ በኩል አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ለማፍራት ጊዜ ይፈልጋል ይላሉ አቶ አደም። በየወሩ መጥተው ያዩታል። ሲሠሩ መጥረጊያ ይዤ መከተሌን ትቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ።

ይህን ደብዳቤ የት እንደማስቀምጠው ገና አላውቅም። ስሞቹን ግን ከማቃጠሌ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ አንድ በአንድ በልቤ እጠራቸዋለሁ። ካልተመለሱት የሁለቱ እናቶች እዚሁ ከተማ አሉ። በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ለምን እንደምመጣ ግን አልነግራቸውም። የራስህን ስም መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም አሳንሰህ ነበር የጻፍከው። እኔም መጨረሻ ላይ እጠራሃለሁ። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ አንዱንም አልዘልም።

ባለቤትህ አስቴር
ድሬዳዋ፣ ከዚራ