አባዬ ደብዛዛ ነው ያለው መብራት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ዝናብ። አባዬ ክፍሌን አንኳኳ። የሞተሩ የፊት መብራት ደብዛዛ ነው አለ። «ሸኮ ሄጄ ቡናዬን ማየት እፈልጋለሁ፤ ሲመሽ በምን እመለሳለሁ? እስቲ እይልኝ።»

የኔ እጅ የለመደው ስልክ ነው። ጅማ ሱቃችን ውስጥ ስምንት ዓመት ስልክ ጠገንኩ። ሱቁ አሁን የዓለምሰገድ ነው፤ የፍቺውን ወረቀት የፈረምነው ከፋሲካ በፊት። ሚዛን አባዬ ቤት ከመጣሁ አምስት ሳምንት... አላለቀስኩም። አልተናደድኩም። እተኛለሁ፣ እነሳለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ።

እሺ አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

የመብራቱን ሽፋን ፈታሁ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። መጋጠሚያው ሁሉ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ባትሪው ላይ አሥራ ሁለት ቮልት፣ መብራቱ ላይ ዘጠኝ።

ሱቅ እያለሁ የተረከብኩትን ዕቃ መመዝገብ ልማዴ ነበር። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 41,862።

አዲስ ሽቦ ዘርግቼ ሁሉንም በሊድ በየድኩ። ያምራል። ምንም አልተሰማኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

አባዬ ማምሻውን ሞተሩን ይዞ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጣ። «ከተማው መውጫ ኬላው ድረስ ሄጄ ነበር። አሁንም ደብዛዛ ነው።»

እንዴት? ለካሁት እኮ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ከቤታችን ማዶ ሞተር የሚጠግነው ሸምሱ መጥቶ አየልኝ። አንዱን መጋጠሚያ በጣቱ ወዲያ ወዲህ አለው፤ ሽቦው ሊዱ የሚያልቅበት ላይ ተሰበረ።

«ማናልሞሽ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ይሄ በጠጠር መንገድ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ሊድ የገባበት ሽቦ ይደርቅና ይሰበራል። ጫፉን ተርሚናል፣ ይቺን የብረት ቆብ፣ አልብሺውና ጭመቂው።»

የመጭመቂያ ፒንሳውን አዋሰኝ። የሠራሁትን ሁሉ ቆርጬ መጀመሬ ነው። አልከፋኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አሥራ አንድ ተርሚናል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አበላሸሁ፤ ለካ የሽቦውን ላስቲክ ነው የጨመቅኩት፣ መዳቡን አልያዘም። ከዚያ እጄ ገባው። እያንዳንዱን በኃይል ሳብኩት፤ አልወጣም። ቀና ስል ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ምሳ አልበላሁም።

መብራቱ ላይ አሥራ ሁለት ቮልት። ሲመሽ አበራሁት፤ የጎረቤት ግድግዳ ቦግ አለ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

አባዬ ከኬላው ተመለሰ። «ደብዛዛ ነው።»

ማብሪያውንም ለወጥኩት።

እሑድ፣ ሰኔ 8

«ትንሽ ይሻላል። ግን ደብዛዛ ነው።»

አንጀቴ አረረ። እንደገና ልፈታው ጎንበስ ስል ቆጣሪውን አየሁ። 41,862። ሦስት ጊዜ ኬላ ደርሶ የመጣ ሞተር? ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሸምሱ ነድቶ ሞከረው። 41,864። ቆጣሪው ደህና ነው። ሸምሱ ፊቴን ማየት አቃተው።

«አባትሽ ጋሽ ተካ እንዳትነግራት ብለውኝ ነው... እየገፉ እዚሁ እስከ መታጠፊያው ይወስዱታል፤ መቶ ሜትር አይሞላም። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ከዚያ እየገፉ ይመለሳሉ።»

አባዬን ጠየቅኩት።

«መብራቱማ ከተስተካከለ ቆየ። የማላየው እኔ ነኝ። ከጥምቀት ወዲህ ዓይኔን ጭጋግ ሸፍኖታል።»

«ታዲያ ለምን ደብዛዛ ነው ትለኛለህ?»

«ተነስተሽ መሥራት ጀመርሽ። ደህና ነው ካልኩሽ ተመልሰሽ ትተኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጮህኩበት። ልትታወር እኮ ነው! አልኩት። ፒንሳውን ወረወርኩ። ከዚያ አለቀስኩ... ለዓይኑ ይሁን ለስምንት ዓመቴ፣ አልለየሁትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ግን ጅማ ነው የሚሠራው።

ጅማ። አውቶቡሱ በሱቁ ደጃፍ ነው የሚያልፈው።

አባዬ ገብቶታል። «ለመስከረም ይቆይ፣ አንቺም በርታ ስትዪ።»

ቆርጬ መጣሁ፤ ሁለት ትኬት፣ ለነገ። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሞተሩን እኔ ነዳሁ። በልጅነቴ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጭጋግ ነበር፤ መብራቱ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱን አወጣው። አባዬ ከኋላ ትከሻዬን ይዞ «ይታይሻል?» አለ።

«ይታየኛል።»

ሸምሱ መናኸሪያ ጠብቆ ሞተሩን ተረከበኝ። 41,867።

አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። አባዬ በመስኮቱ በኩል ሊቀመጥ ነበር፣ እኔን ከሱቁ ሊጋርደኝ። እምቢ አልኩት። መስኮቱን ራሴ ያዝኩ።