በእጄ የጨመርኳት አንዲት

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ። የቴርሞሴ ክዳን ላልቶ ለማቴ፣ ለቅጠል ሻዬ የያዝኩት ሙቅ ውሃ ግማሹ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሰሰ... ጥሩ አጀማመር! ቢሮ ስደርስ ዶን ዋሽንግተን ሚስታቸው የጠበሱትን ቶርታ ፍሪታ ለሁሉም ያድላሉ። ዝናብ በዘነበ ቀን ሊጥ ተጠብሶ ካልተበላ አገር ይፈርሳል ባይ ናቸው አለቃችን። ጢማቸው ስኳር በስኳር ሆኗል።

«ሚርታ፣ የሕዝብ ቆጠራው ውጤት ገባ» አሉኝ እያኘኩ። «ከገመትነው በታች ነው።»

«በስንት?»

«መጀመሪያ ብዪ።»

ብዙ ነው ማለት ነው።

እስከ 2100 ያለውን ትንበያ እንደ አዲስ እናወጣለን። እስከ ኦገስት መጨረሻ። የወሊዱ ግምት የእኔ ድርሻ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ስንት ልጅ ትወልዳለች? ዛሬ አይደለም፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት። ማን ያውቃል! እኔ ግን ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቃለሁ እያልኩ ስፈርም ኖርኩ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ባልደረባዬ ያሚላ ሦስቱን የድሮ ትንበያዎች አንድ ወረቀት ላይ አትማ ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ ናት፣ አፏ ግን አያርፍም። እውነተኛው የወሊድ መስመር ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል... የእኛ ነጠብጣብ መስመር ደግሞ ካለበት ተነስቶ ሽቅብ ይታጠፋል። ሦስት ትንበያ፣ ሦስት መንጠቆ።

«ሚርቲታ፣ ዓሣ ልታጠምጂ ነበር እንዴ?»

«ሴቶች ወሊድ አዘገዩ እንጂ አልተዉም። ቆይተው ይወልዳሉ። ግምቱ እሱ ነው።»

«እኔ አልወልድም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«አንቺ ነሻ! ይኸው አንድ ነጥብ ዘጠኝ ልጅ ጽፈሽብኛል። የታሉ? ስማቸውን እንኳ ንገሪኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስማቸውን ንገሪኝ አለች... የአንዷን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ማን ያነበዋል?

ኦገስት 11፣ 2005። በሆዴ ሰባት ወሯ ነበር። ሴት። አላለቀሰችም። ባለቤቴ ሩበን ሊያስመዘግባት ሄዶ ባዶ እጁን መጣ። «በሕይወት ያልተወለደ ልደት መዝገብ ውስጥ አይገባም አሉኝ።» ይህን ብሎ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ስምም አይጻፍላትም።

በዘጠነኛው ቀን ቢሮ ገባሁ። የወሊዱ ግምት ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል። መስመሩ ይወርዳል። እንዲወርድ አልፈለግኩም፣ በቃ። ሽቅብ አጠፍኩት። ምክንያቱን በኋላ ፈለግኩለት... ምክንያት መቼም አይጠፋም።

ደግሞ ሌላም አለ። ሰንጠረዡ ላይ፣ በዚያ ዓመት የሚወለዱ ሴት ሕፃናት ሳጥን ውስጥ ሃያ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ይላል። ሰባቱን ስምንት አደረግኩት። በእጄ። መዝገቡ እምቢ ያላትን እኔ አስገባኋት።

ሰንጠረዥ ሰው አይረሳም። በየዓመቱ አንድ ሳጥን ያሻግራታል። ትምህርት ቤት ገባች። ሩበን ከቤት የወጣ ዓመት አሥር ሞላት። ትንበያው በታደሰ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይታረቅና ትወጣለች፤ እኔ መልሼ አስገባታለሁ። አሁንማ መውለድ ከሚችሉት ተርታ ገብታለች። ሰንጠረዡ የልጅ ልጅ ቁራጭ ሰጥቶኛል። ጉድ እኮ ነው... ሳየው ደስ ይለኛል።

ደስታው ግን ያስፈራኛል። አንዳንዴ ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት በር የማንኳኳ ይመስለኛል።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

ስልክ። ከፓሶ ቴሮ፣ ከገጠር። መምህርት ኒልዳ ትባላለች። የትምህርት ኃላፊዎቹ የእኛን የ2005 ትንበያ ይዘው ስምንት የመማሪያ ክፍል ሠሩላቸው።

«ስንት ተማሪ አለሽ?»

«አንድ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ማይቴ ትባላለች፣ ስምንት ዓመቷ ነው። ሌሎቹ ከነቤተሰባቸው ሄዱ። አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት አለ። የምትመላለስበት መኪና ስጡኝና ወደዚያ ትዛወር ብል ኃላፊዎቹ አሻፈረኝ አሉ። ትንበያው ልጆች ይመጣሉ ስለሚል ክፍሎቹን ጠብቂ ይሉኛል። እባክሽ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይመጣሉ ወይ?»

«ላጣራ» አልኳት።

የገዛ ሥራዬን ላጣራ! ዋሾ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ከሞንቴቪዴዮ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ የቀረውን በኒልዳ ፒካፕ፣ በጭቃ።

ሰባቱ ክፍሎች ባዶ ናቸው፤ በየሳምንቱ ትጠርጋቸዋለች። ጠረጴዛዎቹ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። የልጅ ጠረጴዛ ሆኖ ስም ያልተቀረጸበት... ይሄ ነው ያስፈራኝ። የእኔ ሳጥኖች በእንጨት ተሠርተው ተደርድረዋል። አንደኛው በር ላይ ቆሜ የሆነ ሰው ከውስጥ ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ማንም የለም። ግን «ይቅርታ» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ኒልዳ ሰማችኝ መሰለኝ።

ማይቴ በመጨረሻው፣ በስምንተኛው የመማሪያ ክፍል መሃል ለብቻዋ ተቀምጣለች። ነጭ ጋዎን፣ አንገቷ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ሪባን። ከፊቷ ግድግዳው ላይ፣ ከሪፖርቱ የተቀደደ የእኔ መንጠቆ ተለጥፏል።

«አክስቴ፣ ልጆቹን የምትልኪልን አንቺ ነሽ?»

«ማይቴ!» አለች ኒልዳ።

«እኔ እንደምልክ ማን ነገረሽ?»

«መምህርት ናት። ወረቀቱ ይላል።» ተነስታ ጣቷን መንጠቆው ጫፍ ላይ አደረገች። «ዝናቡ ነው ያስቀራቸው?»

እዚያ ወንዙ ሲሞላ ልጆች ይቀራሉ። ለእሷ ሌላ ምክንያት የለም።

«አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። ዝናቡ አይደለም።»

«የመስኮቱን ወንበር ትቼላቸዋለሁ እኮ።»

አየሁት። ፀሐይ የሚገባበት፣ ሜዳው የሚታይበት፣ ከሁሉም የሚሻለው ወንበር ነው። ስንት ጊዜ ሆነሽ አልኳት። «ሁለት ዓመት» አለች። ኒልዳ ጥቁር ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረች፣ ምንም ሳይጻፍበት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 24

የእኔዋን አስቀምጣለሁ ብዬ ያችን ልጅ ብቻዋን አስቀመጥኳት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ልማዳችን ነው፣ አምስታችን የየራሳችንን የወሊድ ግምት በቁራጭ ወረቀት ጽፈን የዶን ዋሽንግተን ቆብ ውስጥ እንከታለን። አንድ ነጥብ ሰባት። አንድ ነጥብ ስድስት። አንድ ነጥብ ሰባት። ያሚላ፣ አንድ ነጥብ አንድ። የመጨረሻውን ሲያነቡ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንድ ነጥብ ሁለት፣ እስከ መጨረሻው። ሚርታ፣ ይሄ ያንቺ ጽሕፈት ነው?»

«ነው።»

«መንጠቆውስ?»

«መንጠቆ የለም።»

ያሚላ ቀልዱን ትታ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ለመጀመሪያ ጊዜ!

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ከዶን ዋሽንግተን ጋር ቀረሁ። ስለ ማይቴ ነገርኳቸው። ከዚያ ሳላስበው ስለዚያችም አንዲት ነገርኳቸው... ስለ ስምንቱ፣ ስለ ሰባቱ። መሬት መሬት እያየሁ። ያባርሩኝ አልኩ በልቤ።

ማቴያቸውን ሞልተው ቀስ ብለው ጠጡ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«የ2005ቱን ያረጋገጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ድምሩ በአንድ በለጠብኝ። ሦስት ጊዜ ፈልጌ ሴት ሕፃናቱ ላይ አገኘኋት። ከዚያ ከሥራ የቀረሽበት ስምንት ቀን ትዝ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልልሽ ነበር? ሰርዢያት ልበል?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ትንበያው በታደሰ ቁጥር አያታለሁ። አደገች እላለሁ።»

አለቀስኩ። ሩበን ፊት እንኳ ያላለቀስኩትን እዚያ፣ አለቃዬ ፊት፣ ቶርታ ፍሪታ የሚሸት ቢሮ ውስጥ። መሐረባቸውን ሰጡኝ።

«መንጠቆውንም ከእሷ ጋር አሳለፍኩልሽ» አሉ። «ጥፋቱ የሁለታችን ነው፣ ልጄ።» ከቆባቸው ውስጥ የራሳቸውን ወረቀት አውጥተው አንድ ነጥብ ሰባቱን ሰረዙት። ነገ ሁላችንም እንደገና እንጽፋለን።

እሑድ፣ ኦገስት 11

አሥራ ዘጠኝ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

አደረግኩት። ስምንቱን ሰባት። ቁልፉ ላይ ጣቴን አድርጌ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቀኝም... እርግጠኛ ነሽ ወይ እንኳ አላለኝም። ድምሩ ገጠመ። መስመሩ ዝርግ ነው፣ እስከ 2100።

ለፓሶ ቴሮ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ደብዳቤ ጻፍን። ዶን ዋሽንግተን ከእኔ በላይ ፈረሙበት። የሚመጡ ልጆች የሉም፣ ያለችውን አታስጠብቋት ይላል። ያሚላ መንጠቆዎቹን ከግድግዳው ላይ አንስታ፣ ሳትቀልድ፣ እጄን ጨበጥ አድርጋኝ ሄደች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ኒልዳ ደወለች። መኪናው ተመድቧል፤ ማይቴ ትልቁ ትምህርት ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው።

«ምን ሆነች መሰለሽ? ተደባደበች!»

«ከማን ጋር?»

«ከአንዲት ልጅ ጋር ነዋ። በመስኮት ወንበር!»

«አለቀሰች?»

«ሁለቱም። ሪባኗ ተቀድዶ ነው የመጣችው። ዛሬ ግን አንድ ላይ ተቀምጠዋል፣ እየተገፋፉ።»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ፋይሉን ልከፍት እጄ ሄደ... እንደ ልማዱ። ተውኩት። እዚያ ማንም የለም።

ሰንጠረዡ ውስጥ ስም አልነበራትም፣ ቁጥር ብቻ ነበረች። እዚህ ልጻፈው። አልማ። ኦገስት 11፣ 2005። ልጄ ናት። አላደገችም።