ሁለት ሺህ የሚያብረቀርቁ ካርዶች

ውድ እህቴ፣

ባለፈው ሳምንት በስልክ «ይህን ወረቀት የመረጠው ማን ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ሥራ አስኪያጃችን» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የመረጥሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መስመሩ መቆራረጡ ጠቀመኝ፤ ሰው በሚዋሽበት ሰዓት ኔትወርክ የሚበላሽለት በዕድሜው አንዴ ቢሆን ነው፣ እኔ በዚህ ጨረስኋት።

አንቺ የምታውቂው ካርዶቹ ከደረሱሽ በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የላክሽልኝን መልእክት ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ጦርነቱን ሸሽተው ድንበር የሚሻገሩት ሕፃናት ከወላጆቻቸው እየተጠፋፉ እንደሚመጡ፣ አንቺና ሌላዋ ነርስ የልጁንና የእናቱን ስም ከመድኃኒት ካርቶን በተቀደደ ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ አንገቱ ላይ እንደምታንጠለጥሉለት፣ ካርቶኑም እያለቀ መሆኑን። «ልብስ አትላኩ፣ ክራቫት ሳይቀር ደርሶናል» ያልሽው ጋ ስደርስ ሳቁ። የማሽን ሠራተኛችን፣ ምንም ነገር ሳያስታውቅ ስለማያደርግ «ፍሬቻ» የምንለው፣ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ካርድ ነው የጠየቀችው? ካርድማ የኛ ሥራ አይደል እንዴ?» አለ።

ሌላ ጊዜ በሬዲዮ የሚመጣውን የሰው ሐዘን ምን እንደምናደርገው አናውቅም፤ ድምፁን እንቀንሰዋለን። ያን ቀን ግን በሴንቲ ሜትር ተለክቶ መጣልን፦ አሥር በሰባት፣ ከላይ አንድ ቀዳዳ። እንዴት ደስ እንዳለን ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ።

ሥራ አስኪያጁ ከመጋዘን ሻካራ ግራጫ ካርቶን አወጣ፤ በመጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን። «ይኼ ጠንካራ ነው፣ ይበቃቸዋል» አለ። አፌን የከፈትሁት ያኔ ነው። «ለተቸገረ ሰው ሲሆን ነው ርካሹ የሚወጣው?» አልሁት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰውዬው ተመልሶ ገብቶ ለሠርግ ጥሪ የምናወጣውን፣ ፊት የሚያሳየውን ወረቀት ተሸክሞ መጣ። በሕይወቴ ካሸነፍኋቸው ጥቂት ክርክሮች አንዱ ነው።

ፍሬቻ የእረፍት ቀኑን ሰጠ። ጠራዣችን እትዬ ሁለት ሺህ ቀዳዳ በስተው ሁለት ሺህ ክር አሰሩ፤ ጣታቸው አብጦ እንኳ «የልጅ አንገት ነው፣ እንዳይከረክረው» እያሉ ቋጠሮውን በሰም ያለሰልሱት ነበር። እኔ አራሚው በካርዱ ላይ ያለችውን፣ «ስም፣ የእናት ስም» የምትለውን አራት መስመር ሰባት ጊዜ አነበብኋት። አንድም ስህተት አላገኘሁም። እስክሪብቶ አንሥቶ አንዲት ቃል የሞከረባት ግን የለም። ከኛ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁልጊዜ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ሌላ ሰው ይጽፍበታል ብሎ ማሰብ ለማናችንም አልመጣልንም።

በዚያ ስልክ «ካርዱ ደርሷል ጋሼ፣ ያምራል» ብለሽ ስትጀምሪ፣ ምስጋናው የሚቀጥል መስሎኝ ጠበቅሁ።

ወረቀቱ የእስክሪብቶ ቀለም አይይዝም አልሽኝ። አርባ አንድ ልጆች ክፍት መኪና ላይ ተጭነው ወደ ሌላ መጠለያ ሲሄዱ ዝናብ ያዛቸው፤ ሲወርዱ ሁሉም አንገት ላይ የሚያምር ባዶ ካርድ ነበር። ትልልቆቹ ስማቸውን ተናገሩ። አንዷ ግን ሁለት ዓመትም አልሞላትም። ይዛት የመጣችውና ስሟን የነገረቻችሁ የጎረቤት ሴት በማግስቱ ሞታለች። «መዝገብ ላይስ?» ስልሽ «መዝገብ ቢኖረን ካርድ እንለምን ነበር?» አልሽኝ። ያን ቀን ከመቶ በላይ ልጅ ጽፈሻል፤ የሷ ስም ትዝ አይልሽም። ካርቶኑ ላይ የጻፋችሁት ግን ለቆ አያውቅም ነበር። የተጻፈበትን ካርቶን አውልቃችሁ የጣላችሁት የኛ ስላማረ ነው።

ሦስት ቀን ለማንም አልተነፈስሁም። ፍሬቻ አንዱን ካርድ ማሽኑ ላይ ለጥፎ ለደንበኛ ያሳያል፤ ሥራ አስኪያጁ አምስት ሺህ እንጨምር ይላል። በአራተኛው ቀን ነገርኋቸው።

«ስንት ልጅ ነው ስሙ የጠፋው?» አሉ እትዬ።

«አንዲት ናት።»

«አንዲት ናት አትበል፣ እንደ ትንሽ ነገር» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሥራ አስኪያጁ «ብዬህ አልነበር» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ያን ግራጫ ካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሬቻ «ባልዲ ላመጣ ነው» ብሎ አስታውቆ ባልዲ አመጣ። ግራጫው ላይ በእስክሪብቶም በእርሳስም እየጻፍን ነከርን፣ አሸን፣ እንደገና ነከርን። የሚጽፈው ስም ቢያጣ የአማቱን ስም በእርሳስ ጻፈ። ከውሃው ሲያወጣው አንዲት ፊደል አልተነቃነቀችም። «እሷንማ ውሃ አይችላትም» አለ፣ ሳይስቅ። አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክንልሽ ሳጥን ውስጥ የምታገኚው ሁለት ሺህ ግራጫ ካርድና ሁለት ደርዘን እርሳስ ነው። አያምርም።

የትናንቱ መልእክትሽ ደግሞ ስለ ልጅቷ ነው። ፎቶዋን መለጠፍ ክልክል ነው አልሽ። እናቷ በማታውቀው ስም ብትጠሯት ይበልጥ ትጠፋለች ብላችሁ ስምም አላወጣችሁላትም። የምታውቂውን ግን ጻፍሽልኝ፦ ግራ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስትተኛ የሰው ጆሮ ትይዛለች፣ ጫማን «ቶቢ» ትላለች።

ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ሁለት መቶ ማስታወቂያ አድርገን አተምነው፤ በየመጠለያው ይለጠፍ። ፍሬቻ ከማተሙ በፊት «ቶቢ ምንድን ነው፣ ስህተት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዳይነካት ነገርሁት። እትዬ ቆመው አነበቡት።

«የኔዋ ጫማን ‹ሞሞ› ነበር የምትለው» አሉ። «ዛሬ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ገበያ መሃል አንድ ሰው ‹ሞሞ› ቢል እዞራለሁ።»

እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ብትኖርም ማንበብ ላትችል ትችላለች። ስለዚህ አደራሽን፣ ወረቀቱን የሚለጥፈው ሰው ለጥፎ ብቻ አይሂድ። እህል የሚታደልበት ሰልፍ ጋ ይቁምና «ቶቢ» ብሎ ይጣራ። ሰው ይስቅበታል፤ ይሳቅ። እሱ ማየት ያለበት የዞረችውን ነው።

ወንድምሽ