ቡልኮ የለበሰው ድምፅ

ለወንድሜ ለቴዎ፣ ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ።

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያምመኝ ጀመር ያልከው ወገብህ ተሻለው? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? እሑድ እሑድ የምትጫወትላቸው የጆሃንስበርግ ምእመናንስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷ አንዴ ሲያማት አንዴ ሲተዋት፣ ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርዳ መገበያየቷን ግን አልተወችም። እኔ ታናሽህ ሊሻን በሰውነቴ ደህና ነኝ። ስለ ልቤ ግን አሁን አትጠይቀኝ፤ ከታች ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምንህ። ይህን ወረቀት ብቻህን አታንብበው። ያመጣልህ የእድራችን ዳኛ ልጅ ማቴዎስ ነው፤ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳይሄድ አደራ ብዬዋለሁ። በቴሌግራም ስናወራ እየዋልን ወረቀት ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ የማይነገር ነገር እንዳለ አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህና ታውቃለህ። እማዬ ደህና ናት፤ ልብህ ወደ እሷ አይሩጥ።

ያረፉት እትዬ ሻሼ ናቸው። የጎረቤታችን የጋሽ ኤርጫፎ ባለቤት፣ እማዬ ሥራ ስትውል በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉህ። ሕመሙ አላሰነበታቸውም። መርዶው በሰው ይሂድ ብላ እማዬ ስለወሰነች፣ እትዬ ሻሼስ ባልከኝ ቁጥር ሰላም ይሉሃል እያልኩ ስመልስልህ ቆየሁ። አሁን አልቅስ። ሲወጣልህ ቀጥል፤ የኔ ጉድ ገና አልተነካም።

የጊታር አምፕሊፋየርን ድምፅ በትንሽ መሣሪያ ለማስመሰል የቱ መንገድ ይሻላል ብለን ክረምቱን ሙሉ የተከራከርነውን ታስታውሳለህ። አንተ የሞዴሊንግ ወገን ነህ። እዚያ የገዛሃት ትንሿ መሣሪያ፣ መሐንዲሶች የአምፕሊፋየርን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ አጥንተው፣ ቫልቩ ሲግል እንዲህ ይላል፣ ትራንስፎርመሩ ሲጨነቅ እንዲህ ይላል እያሉ በስሌት የሠሯት ናት። ማዞሪያዋን ወደፈለግክበት ብታዞረው እንደ እውነተኛው ትታዘዝሃለች። እኔ ደግሞ ፕሮፋይሊንግ ካላልኩ ሞቼ እገኛለሁ። እሱ የማንንም ሆድ አይከፍትም። ወደ አምፕሊፋየሩ ድምፅ ይልካል፣ የወጣውን በማይክ ያዳምጣል፣ በገባውና በወጣው መካከል ያለውን ልዩነት ይዞ ይቀመጣል። የሚይዘውም ያንኑ አንድ አምፕሊፋየር ነው፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ክፍል፣ ማዞሪያው በቆመበት።

አንተ ፕሮፋይሊንግ ፎቶ ነው፣ ፎቶን ዞር በል ቢሉት አይዞርም ብለህ ሳቅህብኝ። እኔም ያንተ ሞዴል የሁሉም ነውና የማንም አይደለም፤ ከተበተነው የሆቴል ባንድ የገዛኸውን፣ ሲሞቅ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርመውን የእኛን ቤት አምፕሊፋየር ከየት ያውቀዋል አልኩህ። አልረታም ስትለኝ ነገሩ ከነከነኝ። አንተን ካልረታሁ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ እማዬም ታውቃለች።

የሙዚቃ ዕቃ የሚያከራየውን የሲቀላውን ሙከሚልን አልረሳኸውም መቼም። አንድ የአዲስ አበባ ወዳጁ ለሠርግ ሊጫወት ሲመጣ የፕሮፋይሊንግ መሣሪያ ይዞ ነበርና ለአንድ ቀን አዋሰው። ያ ቀን የእትዬ ሻሼ ለቅሶ ገና ያልተነሣበት ቀን ነበር። ድንኳኑ ከግድግዳችን ሥር ተተክሏል፤ እማዬም እዚያው ናት። ሙከሚል በራችን ላይ ሲደርስ ድንኳኑን አየና ጎረቤት ለቅሶ አለ እኮ፣ ይቅርብን፣ ሌላ ጊዜ ይገኛል አለኝ። ሌላ ጊዜ አይገኝም፣ እናፍነዋለን ያልኩት እኔ ነኝ። ሙከሚልን እንዳትወቅስ።

አምፕሊፋየር ጮክ ካላለ ጠባዩ አይወጣም። ስለዚህ ከአልጋዬ ላይ ቡልኮውን አነሣሁ። አንተ የሄድክ ጊዜ ጋሽ ኤርጫፎ በእጃቸው ሸምነው እማዬን ያለበሷት፣ ያ ወፍራሙ ቡልኮ ነው። ማይኩን ከውስጥ አስቀርቼ አምፕሊፋየሩን ከነጀርባው ደህና አድርጌ ጠቀለልኩት። መሣሪያው ጩኸቱን ሲለቅበት ከውጭ ጉምጉምታ ብቻ ይሰማ ነበር፤ በብልሃቴም ኮራሁ።

ሙከሚል ተቀድቷል ካለኝ በኋላ ማመሳከር አለ፤ አንዴ በእውነተኛው፣ አንዴ በተቀዳው እየተጫወቱ ልዩነቱን መስማት። ጊታሩን ሳነሣ እጄ ዝም ብሎ ወደ አንተ መግቢያ ሄደ። እሑድ ጠዋት እትዬ ሻሼ ቆጮ ይዘውልህ ሲመጡ የምትቀበላቸውን፣ ራስህ የፈጠርከውን ዜማ። እሱን ደጋግሜ ተጫወትኩት። ቴዎ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ፣ የሚለቀስላቸው እሳቸው መሆናቸውን ረሳሁ። ድምፁ ከድምፁ ገጠመ አልገጠመ ብቻ ነበር ጭንቀቴ። ከዚያ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተኝ። ሙከሚል ተወርውሮ ሶኬቱን ሲነቅል የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ቀድሞ ሳስቶ ጠፍቷል። መተንፈሻውን ዘግቼበት ትራንስፎርመሩ ነዷል። ሙከሚል ፈታትቶ አየውና ይኼ አይድንም አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ነው።

በቴሌግራም የላክሁልህ የድምፅ ፋይል እንግዲህ ያን ቀን የተቀዳው ነው። አንተም ሰምተህ፣ የኔው ነው፣ ሳሎናችን የተቀመጥኩ መሰለኝ፣ ግን የማላውቀው ልስላሴ አለው፣ ይህን የኔ ሞዴል አይሰጠኝም፣ ረታሽኝ ብለህ ጻፍክልኝ። ለፋሲካ እስክመጣም አምፕሊፋየሩን አደራ አልከኝ። ልስላሴው ቡልኮው ነው ቴዎ። መሣሪያው አምፕሊፋየሩ የቱ፣ ቡልኮው የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ አንድ አድርጎ ይወስዳል። ያንተ ሞዴል ንጹሑን ይሠራልህ ነበር፤ የኔ ግን ነውሬንም አብሮ ቀድቶታል። ረታሽኝ የሚለውን ሳነብ ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ወጣሁ።

ይህም ሁሉ ሆኖ የአምፕሊፋየሩ ነገር ቀላሉ ነው። ድምፁ ድንኳኑ ድረስ ተሰምቷል። ያንን መግቢያ ከአንተ በቀር የሚጫወት እንደሌለ ጋሽ ኤርጫፎ ያውቃሉ። ለቅሶው ሲነሣ እማዬን ቴዎ መጥቶ ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። ኧረ አልመጣም ብትላቸው አላመኑም። ሻሼ ያዘለችው ልጅ በለቅሶዋ ጊታር መትቶ፣ እኔንም እግዜር ያጽናዎት ሳይል ተመለሰ ብለው ተቀየሙህ። እማዬ ቤት ገብታ ምን ሰምተው ነው ስትለኝ፣ እኔ እንጃ፣ የሰው ስልክ ይሆናል አልኳት። በአንተ ስም ተሸሸግሁ። ከዚያ ወዲህ የእማዬን ሰላምታ በግማሽ አፍ ነው የሚመልሱላት፤ ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤት ይህ ከስድብ ይብሳል። ምን አጥፍቼባቸው ነው እያለች ስትብሰለሰል እያየሁ ዝም አልኩ።

የዶርዜ ሰዎች ጎሜ የሚሉትን ታውቃለህ። ነውር ተሠርቶ ሲደበቅ በሠሪው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ለቤተሰቡም ይተርፋል ይላሉ። ድሮ እስቅ ነበር። አሁን የእማዬ ጉልበት ባሰበት በተባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። አንተም አትሳቅ።

ትናንት ማቴዎስ ሊሄድ ነው ሲባል፣ ለአንተ ጽፌ ለእሳቸው ሳልናገር መቅረት አቃተኝ። ቡልኮውን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ኤርጫፎ ሸማ መሥሪያቸው ላይ ነበሩ፤ አይሠሩም፣ እንዲሁ ተቀምጠዋል። የተቃጠለውን ዘርግቼ አሳየኋቸውና ሁሉንም ተናገርኩ። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ ታዲያ ቴዎ አልመጣም ማለት ነው አሉኝ። አልመጣም አልኳቸው። ያን ቀን ድምፁን ስሰማ መጣ ብዬ ከጎኔ ቦታ ይዤለት ነበር፣ ሰው ሊቀመጥ ሲል ይህ የልጄ ነው እያልኩ አስነሣሁ አሉኝ። እስኪመሽ ጠብቀውሃል። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።

ቡልኮውን እኔው እንደገና ሸምኜ እመልሰዋለሁ ብለው ተቀበሉኝ። ስወጣም ቦታው አሁንም የእሱ ነው በይው አሉኝ። ማታ ለእማዬም ተናገርኩ። ያለችኝን አልጽፍልህም፤ ወረቀቱም ይነዳል። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ጋሽ ኤርጫፎ በአጥሩ በኩል እማዬን ወለቴ እንዴት አደርሽ ሲሏት ሰምቻለሁ። አንተ ግን ዛሬውኑ ደውልላቸው። ምንም አታስረዳ፤ ያንን እኔ ጨርሻለሁ። አብራችሁ አልቅሱ ብቻ። እኔን ይቅር ማለቱ እንደ ልብህ ይሁን፤ ጊዜ ውሰድ።

እማዬ ዐይኑን ሳሚልኝ ብላሃለች፤ በማቴዎስ እጅ የላከችልህን ዳጣ ለሰው ሳታካፍል እንዳትጨርስ። ሙከሚል ከነቤተሰቡ ሰላም ይልሃል፤ የተቃጠለውንም ዕቃ አልጣለውም፣ መጥተህ ራስህ እስክታየው በሱቁ አስቀምጦታል። ጋሽ ኤርጫፎ ስምህን ጠርተው ሰላም በይልኝ ብለዋል። ከእትዬ ሻሼ እያልኩ የላክሁልህ ሰላምታ ሁሉ የኔ ፈጠራ ነበር። ይህኛው ግን የራሳቸው ነው፦ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ያ ልጅ አሁንም ይጫወታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይጫወታል አልኳቸው። እንግዲያስ ሲመጣ ከሩቅ እሰማዋለሁ አሉ።

እህትህ ሊሻን
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.