«በስሌት ስህተት» አይባልም

እኔ ወ/ሮ ጥሩዬ ገብረዋህድ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ነዋሪነቴ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከባምቢስ ወረድ ብሎ ባለው ቤቴ፣ ዛሬ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ማንም ሳያስገድደኝ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ተናድጃለሁ። ንዴቴም አእምሮዬ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ሆኖ ይያዝልኝ።

መኖሪያ ቤቱን ለልጆቼ ለታዲዎስ ግርማይና ለሩት ግርማይ እኩል አውርሻለሁ። ሆኖም ከዚህ በታች ያዘዝሁት ሳይፈጸም አንዳቸውም ቁልፍ አይረከቡ።

ወደ መንገዱ የምትከፈተውን ክፍል ወ/ሮ አሚና ኢሳ ለልብስ ስፌት ተከራይታ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታባታለች። አንድም ወር አላዛነፈችም። ዓምና ዳሌዬ ተሰብሮ ስተኛ፣ የኪራይ ገቢ ግብሬን እንዲያሳውቅልኝ ለታዲዎስ ውክልና ሰጠሁት። እሱም እውነተኛውን ውል ትቶ፣ ኪራዩን በግማሽ ያሳነሰ ሌላ ውል ጻፈ፤ በአሚና ስም ራሱ ፈረመ፤ በእኔ ስም አስገባ።

ነገሩን የሰማሁት ከእሱ አይደለም። አሚና ንግድ ፈቃዷን ልታሳድስ ብትሄድ፣ እሷ ከፈልሁ ያለችውና እኔ ያሳወቅሁት ኪራይ አልገጠመም ተብላ ተመለሰች። ውሸታሟ እሷ ሆነች። ሁለቱን ወረቀቶች አልጋዬ ላይ ዘርግታ፣ «እትዬ ጥሩዬ፣ ይሄ የኔ ፊርማ አይደለም» አለችኝ። በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ የማንንም ወረቀት ያላጠፋሁ ሴት፣ በገዛ ቤቴ አፈርሁ።

ታዲዎስን ጠርቼ ብጠይቀው፣ ሰው ሁሉ ሁለት ውል እንደሚይዝ፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለመንግሥት እንደሆነ አስረዳኝ። ሲያስረዳኝ እንኳ ዓይኑን አልሰበረም። ውክልናውን በማግስቱ አነሣሁበት።

ስለዚህ ለግብር ቢሮ የገባው የግብር ማስታወቂያ ይሻሻላል። ወረቀቱን አሰናድቼ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ፦ ፊት የቀረበው ማስታወቂያ ቅጂ፣ እንደገና የተሞላው ቅጽ፣ የአሥራ ሁለቱ ወራት የባንክ ደረሰኝ፣ መታወቂያዬና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ። እውነተኛው ውል የተገኘው ከአሚና ዘንድ ነው፤ የእኔን ቅጂ ታዲዎስ ቀዶታል። ልዩነቱም ቅጣቱም ከእሱ ድርሻ ይከፈል። የሩት አይነካ፤ ዓመት ሙሉ ደግፋ ያስነሣችኝ እሷ ናት።

የቀረው የማብራሪያው ደብዳቤ ነው። ታዲዎስ ጽፎ ያመጣልኝ «በስሌት ስህተት» ይላል። ቀደድሁት። ስሌቱማ ልክ ነበር፤ አስቦ፣ ቀንሶ፣ አስልቶ ነው የዋሸው። እውነቱ ከተጻፈ ወንድሟ ሊታሰር እንደሚችል ሩት አልቅሳ ነገረችኝ። አውቃለሁ። እናቱ ነኝና ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። ነገር ግን «ስህተት» ብዬ ከፈረምሁ፣ ሐሰተኛ ተብላ የምትቀረው አሚና ናት። ስለዚህ ውሉ የተጭበረበረ መሆኑን፣ ፊርማው የአሚና አለመሆኑን፣ ያደረገውም ልጄ መሆኑን በእጄ ጽፌያለሁ። ደብዳቤውን ታዲዎስ ራሱ በዚህ ወር ውስጥ ወስዶ ግብር ቢሮ ገቢ ያስደርግ፤ ቅጂውን ማኅተም አስመትቶ ለአሚና ይስጣት። ካላደረገው ድርሻው ለሩት ይሁን።

አሚናን ከክፍሏ ለማስወጣት የሚሞክር ልጅ፣ ከእኔ ምንም እንዳልወረሰ ይቆጠር።

ይህ ቃል ተጽፎ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነቧል። ታዲዎስ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ንባቡ ሲያበቃ፣ «ባልሄድስ?» አለኝ።

«ቀብሬ ላይ እንዳትቆም» አልሁት።

ጸሐፊው አቶ ዓብዱልሀኪም፣ እንዲህ ያለ ቃል በኑዛዜ አይገባም አሉኝ። ይጻፉት አልኋቸው፤ ጽፈውታል።

ተናዛዥ፦ ጥሩዬ ገብረዋህድ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ መድሃኔ ተወልደ (ፊርማ)፣ ጀማነሽ አስገዶም (የጣት አሻራ)፣ ኪዱ ሐጎስ (ፊርማ)፣ ዓብዱልሀኪም ሰይድ፣ ጸሐፊም ምስክርም (ፊርማ)