ሞቶ ስለተነሳው የጫሞ አዞ

ለተከበሩ ጓድ ደግፌ
የመጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ
ባሉበት

ጓድ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ጋ የበሉት ዓሣ እንደተስማማዎት፣ ካሜራዎም በደህና አዲስ አበባ እንደገባ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዳልጮ ነኝ፤ አዞውን የሰጠሁዎት ዓሣ አጥማጅ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ስለተማርኩ በመጽሔቱ ከወጣው ፎቶግራፍዎ ሥር ያለውን ጽሑፍ ራሴ አነበብኩት፦ «በአርባ ምንጭ ሰውና አዞ ተላምደው በሰላም ይኖራሉ።» ያን ቀን መማሬ ቆጨኝ።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. አዞው መረቤ ውስጥ ታፍኖ ከሞተ ሁለት ቀን እንዳለፈው፣ እርስዎም አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው እንዳነሱት ሳይጽፉ መቅረትዎ የሟቹን ክብር ለመጠበቅ ስለሆነ እናመሰግናለን።

2ኛ. አፉ እንዲከፈት የመቅዘፊያዬን ስባሪ ደግፈውበት፣ ባለቤቴን ወለቴን ከጎኑ ልብስ እያጠበች እንድትስቅ አዘዋታል፤ የሳቀችው ግን በእርስዎ ነበር። በመጽሔቱ «ሦስት ቀን ቄጠማ ውስጥ አድብቼ ያነሳሁት» ስላሉም፣ ረፋድ ላይ መጥተው ምሳ በልተው የሄዱት ሰው ማን እንደነበሩ ቢነግሩን ሰላምታ እንልክላቸው ነበር።

3ኛ. ዋናው ይህ ነው። የፎቶግራፉ ዝና ከፍ ብሎ የፊታችን ቅዳሜ እንግዶች ይህንኑ ሰላም በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ካሱም ወለቴ እዚያው ሐይቁ ዳር ተቀምጣ እንድታጥብ ማኅተም ባለው ወረቀት አዘዋል። አዞው የሞተ ነበር ብላቸው፣ «የሚዋሸው የመንግሥት መጽሔት ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። የቅዳሜዎቹ አዞዎች ግን በሕይወት ያሉ ናቸው፤ ከወለቴ ጋር ስለመላመዳቸውም የሰሙት ነገር የለም። እፈራላታለሁ፤ ይህን ያለ ቀልድ ነው የምልዎት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን ያለን እስከ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ «አዞው የሞተ ነበር» የሚሉ ሦስት ቃላት ለሊቀመንበሩ በቴሌግራም እንዲልኩ በትሕትና እለምናለሁ። በሦስት ቃል ዝናዎ አይሞትም።

የሞተ አዞ አስነስተው ቆሞ የሚሄድ ሰው ለአዞ ለሚያቀርቡ ታላቅ ባለሙያ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ በማቅረብ፣
ዳልጮ ዳና
ዓሣ አጥማጅ፣ ጫሞ ዳር

ግልባጭ፦
በዓሣ ገበያው በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ቴሌግራሙ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ቅዳሜ ጠዋት እርስዎ ራስዎ ይምጡና በቦታዋ ተቀምጠው ያጥቡ። ወለቴ ቀሚሷን በእርስዎ ልክ አስፍታ ጨርሳለች። ሳሙና ግን ይዘው ይምጡ፤ እዚህ ጠፍቷል።